የሚያነበውን ዓይን የለካው መሐንዲስ፤ የኤሚል ዣቫል ሕይወትና ሥራ

የኤሚል ዣቫል ስም በሕክምና ታሪክ መጻሕፍት ውስጥ የሚነሣው በዓይን ሐኪምነቱ ነው። በመጀመሪያ የተማረው ሙያ ምሕንድስና እንደ ነበር የሚያስታውሱ ጸሐፊዎች ጥቂቶች ናቸው፤ የሚያስታውሱትም ቢሆኑ ነገሩን እንደ አንድ የወጣትነት አጋጣሚ ቆጥረው በአንድ መስመር ያልፉታል። ይህ አያያዝ ለሰውየው የሚገባውን አይሰጠውም። ዣቫል በሰው ዓይንና በጽሑፍ መካከል ያለውን ግንኙነት ሲመረምር የተከተለው መንገድ የመሐንዲስ መንገድ ነበር፤ ይኸውም አንድን ሥራ በየክፍሉ ለያይቶ፥ እያንዳንዱን ክፍል ለክቶ፥ ከግምት ይልቅ በልኩ ላይ ተማምኖ መፍረድ ነው። ሰው የተጻፈ ቃል ሲያይ በዓይኑና በአንጎሉ ውስጥ ምን እንደሚፈጸም ዛሬ ከሚታወቀው ብዙው፥ ምንጩ ተፈልጎ ወደ ኋላ ቢኬድ፥ እርሱ ይመራው ከነበረው የፓሪስ ላቦራቶሪ ይደርሳል። ይሁን እንጂ ይህ ሰው ስለ ንባብ የደከመበትን ጥናት በመጽሐፍ መልክ አሳትሞ ሳያበቃ ዓይኑ ጠፋ። መጽሐፉ ሲታተም ደራሲው ሊያነበው አልቻለም።

ሉዊ ኤሚል ዣቫል በሜይ 5 ቀን 1839 በፓሪስ ተወለደ (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ቤተሰቡ ከአልዛስ አገር የመጣ የአይሁድ ወገን ነው። አባቱ ሌኦፖል ዣቫል የባንክና የሰፊ እርሻ ባለቤት ከመሆኑም በላይ በፈረንሳይ ምክር ቤት የሕዝብ እንደራሴ ነበር። ልጁም እንደ ብዙዎቹ የዘመኑ ባለጸጋ ልጆች ኢንዱስትሪ ወደሚጠይቀው ሙያ ተላከና በፓሪስ የማዕድን ትምህርት ቤት ገብቶ መሐንዲስ ሆነ። በባቡርና በእንፋሎት ዘመን የድንጋይ ከሰልና የብረት ባለሙያ ከሁሉ በላይ የሚፈለግ ነበርና፥ ባለበት ቢቆይ ኑሮው የተደላደለ በሆነ ነበር።

ከማዕድን ወደ ዓይን ያሻገረው የቤተሰብ ችግር ነው። እኅቱ ሶፊ ዓይኗ ሸውራራ ነበር። በዚያን ጊዜ ለዚህ ጉድለት የሚደረገው ሕክምና ዓይንን ከሚያንቀሳቅሱት ጡንቻዎች አንዱን በቢላ መቁረጥ ሲሆን፥ ውጤቱ እምብዛም አያስተማምንም፤ ወደ ውስጥ ያዘነበለው ዓይን ከቀዶ ጥገናው በኋላ ወደ ውጭ አዘንብሎ የሚቀርበት ጊዜ ነበር። ዣቫል ለእኅቱ ሌላ መንገድ ፈለገ። ሁለት ዓይኖች ወደ አንድ ነጥብ ካላተኮሩ አንጎል ሁለት የማይገጥሙ ምስሎች ይደርሱታል፤ ከመደናገርም ለመዳን አንደኛውን ምስል መቀበል ይተዋል። እንግዲህ ጡንቻው ቢስተካከል እንኳ አንጎሉ የተወውን ምስል መልሶ እንዲቀበል ካልተማረ ዓይኑ ወደ ቀድሞ ቦታው መመለሱ አይቀርም። ስለዚህ ዣቫል በዚያ ዘመን ለመዝናኛ ይሸጥ የነበረውን ስቴሬዮስኮፕ ወስዶ ወደ ማሠልጠኛ መሣሪያነት ለወጠው። በግራና በቀኝ ዓይን ፊት የሚቀመጡትን ሥዕሎች ርቀት በጥቂት በጥቂቱ እየቀያየረ የእኅቱ ሁለት ዓይኖች አንድ ላይ መሥራት እንዲለምዱ ለረጅም ጊዜ አስተማራት። ዛሬ ዓይንን በመልመጃ የማቃናት ሕክምና የሚባለው ዘርፍ አባቱ ዣቫል ነው የሚባለው ከዚህ የተነሣ ነው። በ1896 ስለ ሸውራራነት ያሳተመው መጽሐፍ የዚህ የብዙ ዓመት ትዕግሥት ፍሬ ነው።

በዚህ ሥራ ውስጥ የኋላው ዣቫል ገና በጅምሩ ይታያል። ማየት የዓይን ብቻ ሥራ አይደለም፤ ዓይን የሚያቀርበውን የሚቀበል፥ የሚጥል፥ የሚያስተካክል ሌላ አካል ከኋላው አለ። ዣቫል ወደዚህ አካል ለመግባት መንገዱ በዓይን በኩል መሆኑን ስለ ተረዳ፥ የምሕንድስና ዲፕሎማውን እንደ ያዘ ሕክምና መማር ጀመረ። በርሊን ሄዶ የዘመኑ ታላቅ የዓይን ሐኪም ከነበረው ከአልብሬሽት ፎን ግሬፌ ዘንድ ተማረ፤ በ1868 የሕክምና ዶክተርነት ማዕረግ አገኘ። ከዚያ በፊት በ1867 የሔርማን ሔልምሆልትዝን ታላቅ የብርሃንና የማየት ጥናት መጽሐፍ ከአንድ ባልደረባው ጋር ሆኖ ወደ ፈረንሳይኛ ተርጉሞ ነበር። መጽሐፉ በሒሳብ ቀመር የተሞላ በመሆኑ ሐኪሞች ይሸሹት ነበር፤ ለማዕድን መሐንዲስ ግን ቀመሩ የሚያስፈራ አልነበረም።

በ1878 በሶርቦን የተቋቋመውን የዓይን ጥናት ላቦራቶሪ ዣቫል እንዲመራ ተደረገ። ከዚህ ላቦራቶሪ የወጣው ለሕክምና በቀጥታ የጠቀመ ሥራ በ1881 ከኖርዌጂያዊው ከያልማር ሺዮትዝ ጋር ሆኖ የሠራው የኮርኒያ መለኪያ ነው። ኮርኒያ ከዓይን ፊት ያለው ብርሃን አሳላፊ ሽፋን ሲሆን፥ ብርሃንን በማጠፍ ረገድ ከዓይን ክፍሎች ሁሉ የበለጠውን ሥራ የሚያከናውነው እርሱ ነው። ጥምዙ በሁሉም አቅጣጫ እኩል ካልሆነ ምስሉ ይዛባል፤ ይህም አስቲግማቲዝም ይባላል። ታዲያ ሕያው የሆነን፥ የሚርገበገብንና የጥምዙ ራዲየስ 8 ሚሊሜትር የማይሞላን ነገር ሳይነኩ እንዴት መለካት ይቻላል?

መልሱ ኮርኒያውን እንደ ጥምዝ መስተዋት መቁጠር ነው። መጠኑ የታወቀ ብርሃናማ ምልክት በታወቀ ርቀት ላይ ቢቀመጥ፥ በኮርኒያው ላይ የሚታየው ነጸብራቁ ጥምዙ በበረታ መጠን ያንሳል። ስለዚህ የነጸብራቁ መጠን ከተለካ ራዲየሱ ይሰላል። አስቸጋሪው ነገር የታማሚው ዓይን ለቅጽበት እንኳ ጸጥ ብሎ አለመቆሙ ነው፤ በሚንቀጠቀጥ ምስል ላይ ማስመሪያ ማስቀመጥ አይቻልም። ሔልምሆልትዝ ይህን ችግር ምስሉን በመሣሪያ ሁለት በማድረግ ፈትቶት ነበር፤ ሁለቱ ምስሎች አብረው ስለሚንቀጠቀጡ በመካከላቸው ያለው ርቀት አይለወጥም። ነገር ግን የሔልምሆልትዝ መሣሪያ ለተመራማሪ እንጂ ታማሚዎች ተሰልፈው ለሚጠብቁት ሐኪም የሚመች አልነበረም። ዣቫልና ሺዮትዝ ምስሉን በፕሪዝም ሁለት አደረጉት፤ ከምልክቶቹም አንዱን እንደ ደረጃ ቆርጠው ሠሩት። ሐኪሙ ሁለቱን ምልክቶች ካገናኘ በኋላ መሣሪያውን ወደ ሌላው አቅጣጫ ሲያዞረው ምልክቶቹ ቢደራረቡ፥ የተደራረቡትን ደረጃዎች ብቻ ይቈጥራል፤ እያንዳንዱ ደረጃ አንድ ዳዮፕተር ነው። ስሌቱ ሁሉ በምልክቱ ቅርጽ ውስጥ አስቀድሞ ተከናውኗል። ከባድ ሒሳብን በመሣሪያው ቅርጽ ውስጥ ደብቆ ለተጠቃሚው መቁጠርን ብቻ መተው የጥሩ መሐንዲስ ምልክት ነው፤ መሣሪያውም በሁለቱ ሰዎች ስም እየተጠራ ከመቶ ዓመት በላይ በዓይን ክሊኒኮች አገልግሏል።

ዣቫል ለኮርኒያ የሰጠውን ትኩረት ለንባብም የሰጠው በዚሁ ዘመን ነው። በ1878 እና በ1879 ስለ ንባብ ፊዚዮሎጂ ተከታታይ ጽሑፎች አወጣ። በዚያን ጊዜ የተማረው ሰው ሁሉ አንድ ነገር ያለ ጥርጥር ያምን ነበር፤ ይኸውም ሰው ሲያነብ ዓይኑ በመስመሩ ላይ ከጫፍ እስከ ጫፍ እንደ ጀልባ ሳያቋርጥ ይንሳፈፋል የሚል ነው። ማንም ሰው ሲያነብ የሚሰማው ይኸው ስለ ሆነ ማስረጃ የሚጠይቅ አልተገኘም። ጥያቄው በዣቫል ላቦራቶሪ ሲነሣ ግን ለመልሱ መሣሪያ ያስፈልግ ነበር። የሚያነብ ሰው ዓይን እንቅስቃሴው ጥቃቅንና ፈጣን ስለ ሆነ ፊት ለፊት ተቀምጦ በማየት ብቻ በትክክል ሊቆጠር አይችልም።

መፍትሔው በጆሮ በኩል ተገኘ። ላማር የተባለው የላቦራቶሪው ባልደረባ ትንሽ ከበሮ መሰል ነገር ወስዶ ከኤቦናይት በተሠራው ስስ ሽፋኑ መካከል ቀጭን ዘንግ ተከለ። የዘንጉ ጫፍ በአንባቢው የላይኛው ቆብ ላይ በቀስታ ይቀመጣል፤ ከከበሮው የሚወጡ ሁለት የጎማ ቱቦዎች ወደ አድማጩ ሁለት ጆሮዎች ይገባሉ። ዓይኑ በተንቀሳቀሰ ቁጥር ቆቡ፥ ቆቡም ዘንጉን፥ ዘንጉም ሽፋኑን ያንቀሳቅሳል። አንባቢው እንደሚታመነው በእርግጥ እየተንሳፈፈ የሚያነብ ቢሆን ኖሮ አድማጩ አንድ ወጥ ድምፅ በሰማ ነበር። የተሰማው ግን የተቆራረጠ ድምፅ ነው፤ አጭር ድምፅ፥ ዝምታ፥ አጭር ድምፅ፥ ዝምታ፤ ዓይኑ ከመስመሩ መጨረሻ ወደሚቀጥለው መስመር መነሻ ሲመለስ ደግሞ ረዘም ያለ ድምፅ። ዓይን አይንሳፈፍም፤ ይዘልላል፥ ይቆማል፥ ደግሞ ይዘልላል።

ለዚህ ግኝት ምስጋናው ለማን እንደሚገባ ብዙ ተጽፏል። በርካታ የመማሪያ መጻሕፍት ሁሉን ለዣቫል ይሰጣሉ። ዣቫል ራሱ ግን በ1879 ሲጽፍ ቆጠራው የላማር መሆኑን በግልጽ አስታውቋል፤ በዚሁ ዓመት በፕራግ የነበረው ኤቫልት ሔሪንግም የዓይንን ጡንቻዎች ድምፅ በማዳመጥ ከዚህ ጋር የሚስማማ ነገር ደርሶበታል። የዣቫል ድርሻ ጥያቄውን ማንሣቱ፥ ላቦራቶሪውን ማዘጋጀቱና የውጤቱን ትርጉም ለዓለም ማሳወቁ ነው። የሌላውን ሥራ በሌላው ስም መጥራቱ ከግኝቱ ባላነሰ ያስመሰግነዋል። በዚያ የመጀመሪያ ቆጠራ መሠረት ለ15 እስከ 18 ፊደል አንድ ዝላይ ይደርሳል ተብሎ ነበር። በኋላ በ1898 አሜሪካዊው ኤድመንድ ሂዩይ በዓይን ላይ የሚቀመጥ ትንሽ የጂፕሰም ክፈፍ ሠርቶ እንቅስቃሴውን በጥላሸት በተቀባ ወረቀት ላይ አጻፈው፤ ሬይመንድ ዶጅ ደግሞ በ1901 ከኮርኒያው የሚንጸባረቀውን ብርሃን ፎቶግራፍ አነሣ። በእነዚህና በተከታዮቻቸው ልኬት በላቲን ፊደል በተጻፈ ጽሑፍ አንድ ዝላይ በአማካይ ከ7 እስከ 9 ፊደል ብቻ እንደሚያልፍ ታወቀ። የፓሪሱ ቁጥር በእጥፍ ገደማ ስቶ ነበር ማለት ነው፤ በቆብ ላይ ያረፈ ዘንግ ጥቃቅኖቹን ዝላዮች ሁሉ ማሰማት አልቻለም። መርሑ ግን አልተነካም።

የዚህን መርሕ ክብደት ለማየት ከዣቫል ዘመን ወዲህ የተገኘውን ጥቂት መከተል ያስፈልጋል። ዓይን በጥራት የሚያየው በሬቲና መካከል ባለች ጠባብ ቦታ ብቻ ስለ ሆነ፥ ያቺን ቦታ ከቃል ወደ ቃል እያዞረ ማነጣጠር ግዴታው ነው። አንዱ ዝላይ ከ20 እስከ 40 ሚሊሰከንድ ይፈጃል፤ በዚያም ጊዜ አንባቢው የሚቀበለው ነገር የለም ለማለት ይቻላል። የሚያነበው ቆሞ ሳለ ነው፤ አንዱ ማቆሚያም በአማካይ ከ200 እስከ 250 ሚሊሰከንድ ይቆያል። ከዝላዮቹ ከመቶ 10 እስከ 15 የሚሆኑት ወደ ኋላ የሚመለሱ ናቸው። አንባቢው ይህን ሁሉ መቆራረጥ ፈጽሞ አያውቀውም፤ አንጎሉ ቁርጥራጩን ገጣጥሞ እንደ አንድ የማይቋረጥ ወንዝ አድርጎ ያቀርብለታል። ሸውራራ ዓይን የሚያቀርበውን ምስል የሚሰርዘው አካል፥ በንባብም ጊዜ ዝላዩን ይሰርዘዋል።

በአንዱ ማቆሚያ ውስጥ ቃሉ እንዴት ይታወቃል ለሚለው ጥያቄ የዣቫል ዘመን መልስ መፈለግ ጀምሮ ነበር። ጄምስ ካቴል በ1880ዎቹ አጋማሽ በላይፕሲግ ባደረገው ሙከራ አጭር ቃል ለማወቅ የሚወስደው ጊዜ አንድ ነጠላ ፊደል ለማወቅ ከሚወስደው እንደማይበልጥ አሳየ። ከዚህ ተነሥተው ብዙዎች አንጎል ቃልን የሚያውቀው እንደ ሥዕል በጠቅላላ ቅርጹ ነው አሉ። ነገሩ እንዲህ ቀላል አልሆነም። የኋላው ጥናት እንዳረጋገጠው አንጎል በአንዱ ማቆሚያ የቃሉን ፊደላት ተራ በተራ ሳይሆን በአንድነት ይመረምራል፤ ቃሉ ደግሞ በተራው ፊደላቱን ያግዛል፤ በ1969 እንደ ታየው አንድ ፊደል በቃል ውስጥ ሲገኝ ብቻውን ከቆመበት ይልቅ በቀላሉ ይለያል። ዣቫል ከሚኖርባት ከፓሪስ ሳይወጣ ዡል ደዠሪን በ1892 የገለጸው የአንድ ታማሚ ታሪክ ደግሞ ይህ ሥራ በአንጎል ውስጥ የተወሰነ ስፍራ እንዳለው አመለከተ። ታማሚው ያያል፥ ይናገራል፥ ይጽፋል፤ የጻፈውን ግን ማንበብ አይችልም። ከሞተ በኋላ አንጎሉ ሲመረመር ጉዳቱ በግራው የኋላ ክፍል ተገኘ። ከመቶ ዓመት በኋላ ሕያው አንጎልን ማየት ሲቻል ሎራን ኮሄንና ስታኒስላስ ዴኸን በ2000 ገደማ በግራው የታችኛ ክፍል ውስጥ የተጻፈ ቃል ሲታይ የሚነቃውን ቦታ ለይተው አመለከቱ፤ ይህም ቃሉ ከታየ ከ150 እስከ 200 ሚሊሰከንድ ባለው ጊዜ ውስጥ ይፈጸማል።

ቅርጹን ማወቅና ትርጉሙን መረዳት ሁለት ነገሮች መሆናቸውን የአማርኛ አንባቢ ከማንም በበለጠ ሊያውቅ ይገባዋል። ፊደላችን መጥበቅንና መላላትን አይጽፍም። ገና የሚለው ቃል ሲላላ ጊዜው አለመድረሱን፥ ሲጠብቅ የልደትን በዓል ያመለክታል፤ አለ የሚለው ሲላላ መናገርን፥ ሲጠብቅ መኖርን ያሳያል። ዓይን ለአንጎል የሚያቀብለው ቅርጽ በሁለቱም ጊዜ አንድ ነው፤ ፍርዱ የሚሰጠው ከጎረቤት ቃላት ነው፤ አንዳንድ ጊዜም ፍርዱ ስቶ አንባቢው ዓይኑን ወደ ኋላ ይመልሳል።

ዣቫል ስለ ዓይን ማቆሚያ ያወቀውን በላቦራቶሪ ውስጥ አልተወውም፤ ወደ ማተሚያ ቤትና ወደ ትምህርት ቤት ወሰደው። ዓይን በመስመሩ ላይ ሲጓዝ የሚያነጣጥረው በንዑሳን ፊደላት መካከል ሳይሆን ከመካከላቸው ከፍ ብሎ መሆኑን አስተዋለ። ምክንያቱም የላቲን ፊደላት እርስ በርሳቸው የሚለዩት ይበልጡን በላይኛው ግማሻቸው ነው። ማስረጃውም ቀላል ነው፤ በፈረንሳይኛ ወይም በእንግሊዝኛ የታተመ መስመር የታችኛው ግማሽ በወረቀት ቢሸፈን ብዙ ሳይቸገሩ ያነቡታል፤ የላይኛው ቢሸፈን ግን ንባቡ ይደናቀፋል። ከዚህ በመነሣት የፊደል ቀራጮች የላይኛውን ክፍል ግልጽ እንዲያደርጉ፥ ለሕፃናት የሚታተሙ መጻሕፍት ፊደላቸው እንዲጎላ፥ የመማሪያ ክፍሎች በቂ ብርሃን እንዲያገኙ ሲከራከር ኖረ። የተማሪዎች ዓይን ሩቅ ማየት የሚሳነው በደቃቅ ጽሑፍና በጨለማ ክፍል ምክንያት ነው የሚል እምነት ነበረው። የዛሬው ምርምር የዘር ድርሻንም ስለሚያስገባ ነገሩን ከዚህ ሰፋ አድርጎ ያየዋል፤ ይሁንና ልጆች በቀን ብርሃን ከቤት ውጭ የሚያሳልፉት ጊዜ ዓይናቸውን እንደሚጠብቅ በመረጋገጡ የዣቫል ሥጋት መሠረት የሌለው አልነበረም።

ስለ ላይኛው ግማሽ የተገኘው ሕግ ለሁሉም ጽሑፍ የሚሠራ አለመሆኑን የግእዝ ፊደል ያሳያል። በ፥ ቢ፥ ባ፥ ቤ የተባሉት አራት ፊደላት የታችኛው ግማሻቸው ቢሸፈን የሚለያቸው ነገር አይኖርም፤ ሣልሱን፥ ራብዑንና ኃምሱን የሚያስታውቀው ከእግር በኩል የሚቀጠለው፥ የሚያጥረው ወይም የሚከበበው ነው። ስለዚህ የፈረንሳዩን ምክር ተከትሎ የግእዝን ፊደል እግር ያሳጠረ ወይም ያሳሳ ቀራጭ አናባቢዎቹን ያጠፋቸዋል። ፊደልን በመሣሪያ ለማተም በተደረጉ የተለያዩ ሙከራዎች ውስጥ ይህ ነጥብ የሚገባውን ያህል ትኩረት ሳያገኝ የቀረበት ጊዜ ብዙ ነው። በቤተ ክህነት ትምህርት ፊደል የሚቆጥረው ሕፃን በስንደዶ እያንዳንዱን ፊደል እየነካ ሲሄድ፥ ዓይኑ በኋላ በራሱ የሚመርጠውን ማቆሚያ እጁ አስቀድሞ ይመርጥለታል፤ ፊደልም አይዘልልም፥ እግሩንም አይስትም።

ዣቫል በ1885 የሕክምና አካዳሚ አባል ሆኖ ተመረጠ፤ በዚያው ዓመት እንደ አባቱ የዮን አውራጃ የሕዝብ እንደራሴ ሆኖ እስከ 1889 በምክር ቤት ተቀመጠ። እነዚያ አራት ዓመታት ለሳይንስ ብዙም አልሰጡም።

ሕመሙ ግላኮማ ነበር። በዓይን ውስጥ ያለው ግፊት በርትቶ የዓይንን ነርቭ በጥቂት በጥቂቱ የሚያደርቅ ሕመም ነው፤ የጠፋው የማየት ኃይልም ተመልሶ አይገኝም። ለዚህ ሕመም በዘመኑ ተስፋ የሰጠውን ቀዶ ጥገና በ1857 ያስተዋወቀው የራሱ የዣቫል መምህር ፎን ግሬፌ ነው። ለዣቫል ግን አልበጀውም። ማየቱ ከዓመት ዓመት እየጠበበ ሄዶ በ1900 ገደማ፥ ስድሳ ዓመት ካለፈው በኋላ፥ ፈጽሞ ታወረ። የላቦራቶሪውን አመራር ለዴንማርካዊው ባልደረባው ለማሪዩስ ቼርኒንግ ተወ።

ዓይኑ ከጠፋ በኋላ ግን አልተቀመጠም። ቀድሞ የሌሎችን ዓይን እንደ መረመረ አሁን የራሱን ዕውርነት መመርመር ጀመረ። በ1903 ያሳተመው መጽሐፍ የተጻፈው በቅርብ ዓይናቸው ለጠፋ ሰዎች ነው። ይህ መጽሐፍ ከሥራዎቹ ሁሉ ይልቅ በሰው ልብ የቀረበ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም፤ ሆኖም ስለ ኀዘን የሚናገረው ጥቂት ነው። የሚናገረው ስለ ምግብ ገበታ፥ ስለ መራመድ፥ ከሚያይ ሰው ጋር ለሁለት በሚነዳ ብስክሌት ስለ መጓዝ፥ ስለ ሰዓት፥ ስለ ደብዳቤ ነው። ዕውር ሰው በእጁ ሲጽፍ መስመሩ በመስመር ላይ እየወጣ ይደራረብበታል፤ ዣቫል ክንድን የሚደግፍና ከመስመር ወደ መስመር በእኩል ርቀት የሚያሸጋግር የመጻፊያ ሰሌዳ አዘጋጀና ደብዳቤውን በራሱ እጅ መጻፉን ቀጠለ። ቅርጹ የማዕድን ትምህርት ቤት ተማሪ የሥዕል ጠረጴዛ ላይ የሚገኝ ዕቃን ያስታውሳል።

ማንበብን በተመለከተ ግን ተቸገረ። ብሬይል በስድስት ነጥቦች ላይ የተመሠረተ ጽሑፍ መሆኑን፥ ነጥቦቹ በአንድ ጣት ጫፍ ሥር እንዲገቡ መጠናቸው የተመረጠ መሆኑን ያደንቅ ነበር፤ በስድሳ ዓመት የሚማረው ጣት ግን እንደ ሕፃን ጣት ፈጣን አይሆንም። ከዚህም በላይ ንባቡ በባሕርዩ የተለየ ነው። ዓይን የሚያነበው ቆሞ ነው፤ ሲንቀሳቀስ ይታወራል። ጣት የሚያነበው ሲንቀሳቀስ ነው፤ ቢቆም ነጥቡ ይደበዝዝበታል። ዓይን ከሚያነጣጥርበት ቃል ወዲያ ያለውን በጨረፍታ አይቶ የሚቀጥለውን ዝላይ ያሰናዳል፤ ጣት ከሥሩ ካለው በስተቀር የሚያውቀው የለም። የዓይንን ማቆሚያዎች ያስቆጠረው ሰው ማቆሚያ በሌለው ንባብ ላይ ወደቀ። ስለዚህ የብሬይል ጽሑፍ በምሕፃረ ቃል እንዲያጥር፥ ጣት በአንድ ርዝመት ላይ ብዙ ትርጉም እንዲያገኝ አጥብቆ ይሠራ ነበር። በ2011 የወጣ ጥናት ደግሞ ሲወለዱ ጀምሮ ዓይነ ስውር የሆኑ ሰዎች ብሬይል በጣታቸው ሲያነቡ የሚነቃው የአንጎል ክፍል ዓይናሞች ሲያነቡ የሚነቃው ያው የግራ ክፍል መሆኑን አሳይቷል፤ መግቢያው በሩ ቢለወጥም መድረሻው ቤት አንድ ነው ማለት ነው።

በመጨረሻዎቹ ዓመታት ጊዜውን የተካፈሉት ሁለት ጉዳዮች ናቸው። አንደኛው ስለ ንባብና ስለ ጽሕፈት ፊዚዮሎጂ ያዘጋጀው መጽሐፍ ሲሆን፥ ከ1878 ጀምሮ የጻፈውን ሁሉ አሰባስቦ በ1905 በፓሪስ ታተመ። ሁለተኛው የኤስፔራንቶ ቋንቋ ነው። ብሬይል መጻሕፍት ግዙፍና ውድ በመሆናቸው በየቋንቋው የሚገኙት ጥቂት ናቸው፤ የሁሉ አገር ዕውሮች አንድ ቀላል ቋንቋ ቢኖራቸው አንዱ መጽሐፍ ለሁሉም ይደርሳል ብሎ ያስብ ነበር። የቋንቋው ፈጣሪ ሉድቪክ ዛመንሆፍ የዋርሶ የዓይን ሐኪም ስለ ነበር ሁለቱ በሙያም ይገናኙ ነበር። በ1905 የቋንቋው ደጋፊዎች በቡሎኝ ሱር ሜር የመጀመሪያውን ዓለም አቀፍ ጉባኤ ባደረጉበት ዘመን በመካከላቸው ስለ አንድ ነገር ክርክር ነበር። ኤስፔራንቶ በአናታቸው ላይ ምልክት የተደረገባቸው ስድስት ፊደላት አሉት። ዣቫል እነዚህ ምልክቶች ለአታሚ ወጪ፥ ለአንባቢ ዓይን ድካም ናቸውና ይወገዱ ይል ነበር፤ የላይኛው ግማሽ ለንባብ ምን ያህል እንደሚጠቅም ከእርሱ በላይ የሚያውቅ አልነበረምና፥ በዚያ ቦታ ጥቃቅን ነገር መደርደር የሚያስከፍለውን ዋጋ አስልቶ ነው የተከራከረው።

ክርክሩ ሳይቋጭ ኤሚል ዣቫል በጃንዩወሪ 20 ቀን 1907 በፓሪስ ሞተ፤ ዕድሜው 67 ነበር። ስድስቱ ፊደላት ምልክታቸውን እንደ ያዙ እስከ ዛሬ ይታተማሉ።